አማቴ መሸታ ቤት ገቡ

አማቴ ስዊድን ከገቡ ወዲህ ጮክ ብለው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው ሙዚየም ውስጥ ነው። ከሆድ የወጣ፣ ዓይን የሚያስነባ ሳቅ ነበር። አዳራሹ ጫፍ ላይ የቆመችው ጥበቃ ዞር ብላ አየችን። ልጄ አፍራ እጅጌዬን ጎተተችኝ። እኔም ክው ብዬ ቀረሁ። አባባ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ጾም የማያጎድሉ፣ ድግስ ላይ ጠላ እንኳ ሲቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው የሚመልሱ። ፊት ለፊታቸው የተሰቀለው ደግሞ የመሸታ ቤት ሥዕል ነው።

እዚያ እንዴት እንደደረስን ልናገር።

አባባ የሚስቴ አባት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሚስቴ “ብቻቸውን አዲስ አበባ አይቀመጡም” ብላ፣ ብዙ ደጅ ጠንታ ወደ እኛ አመጣቻቸው። የምንኖረው አካላ ነው፣ የከተማው ዳርቻ፣ ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ሰማያዊ መስመር የሚያበቃበት። የመጡት በኅዳር ነበር። ኅዳር እዚህ አገር እንግዳ የሚቀበሉበት ወር አይደለም። ምሳ ተበልቶ ሳይነሳ ይጨልማል። አባባ በመጡ በማግስቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩና “የመንደሩ መብራት ሄዶ ነው?” አሉ። ፀሐይዋ ናት የሄደችው ስንላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ከእሑድ ቅዳሴ በቀር ከቤት አልወጡም። ጠዋት ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ቀን ቀን ግድግዳ ያያሉ። ስንጠይቃቸው “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ነው መልሱ። ሚስቴ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው የእሳቸውን በር ነበር፤ ዓይኗ በእንባ ሞልቶ ስንት ጊዜ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች።

ከልጃችን ጋርም አልተገናኙም። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። አባባ “የኔ እናት፣ ትምህርት እንዴት ነው?” ሲሏት “ብራ” ብላ ታልፋለች። እሳቸውም “ምን አለች?” ይሉኛል። “ጥሩ ነው አለች” እላለሁ። ወሬው እዚያው ያልቃል።

እኔ አዲስ አበባ የሥዕል አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ የምሠራው መዋእለ ሕፃናት ነው፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ እሥላለሁ። በከተማው ማንም ሰው ሥራውን የሚያስገባበት፣ ዳኞች የሚመርጡት አንድ ትልቅ ዓመታዊ ኤግዚቢሽን አለ። በየዓመቱ አስገባ ነበር። በየዓመቱም “ስለተሳተፉ እናመሰግናለን” የሚል መልስ ይመጣል። የማስገባው ሐይቅ፣ በረዶ፣ ነጭ ግንድ ያላቸው ዛፎች ነበር። ሚስቴ መሐንዲስ ናት፣ ስለ ሥዕል ብዙ አታወራም። አንድ ቀን ግን ቡናዋን ይዛ አጠገቤ ቆማ “ሰው የለበትም እኮ” አለችኝ። “የት?” አልኳት። “በየትኛውም ውስጥ” አለች። ተቀየምኩ። ልክ እንደሆነች ግን ያኔውኑ አውቄዋለሁ።

በየካቲት የትምህርት ቤት ዕረፍት ሆነ፤ ስፖርትሎቭ ይሉታል። ልጄን ሙዚየም ልወስዳት ተነሳሁ። ሚስቴ ሶለንቱና በሚባለው ሰፈር የሥራ ስብሰባ ነበረባት። አባባን ብቻቸውን ትተን ልንወጣ ስንል ከክፍላቸው ወጡ፤ ካፖርታቸውን ለብሰዋል።

“የት ነው የምትሄዱት?”

“ሥዕል ልናይ ነው፣ አባባ። ይመጣሉ?”

“የቅዱሳን ሥዕል ነው?”

ዋሸሁ ማለት አይቻልም፤ “የጥንት ሥዕል ነው” አልኳቸው።

ሙዚየሙ ውስጥ እኔ ሁልጊዜ የምሄድበት አንድ ሥዕል አለ። ወደ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሣለ የመሸታ ቤት ውስጡ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ከወራጁ የዘይት መብራት የተንጠለጠለበት ቤት። በርሜል ላይ የተቀመጠ ቫዮሊን ተጫዋች አለ። በሁለት እጇ መጠጫዎች አንጠልጥላ በሩን በዳሌዋ ገፍታ የምትገባ ሴት አለች። ካርታ የሚጫወቱ አሉ፤ አንዱ ቆሞ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታ። ምድጃው አጠገብ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ የተኛ ሽማግሌ፣ ከጠረጴዛው ሥር ውሻ። ከበሩ ገባ ብሎ ደግሞ ትከሻው ላይ በረዶ ያለበት፣ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሰው። ስዊድን በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ሥራ ሳላገኝ እዚህ ሥዕል ፊት ቆሜ ነው ስንቱን ቀን የዋልኩት። መብራቱን ነበር የማየው፤ ያ ቢጫ ከቡናማው ጋር እንዴት እንደተዋሐደ። ሰዎቹን አላያቸውም ነበር።

የዚያን ቀን አባባን ወደ ሌላ ክፍል ላሳልፋቸው አስቤ ነበር። ግን እሳቸው ቀድመው ገቡና ሥዕሉ ፊት ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጥግ እስከ ጥግ አዩት። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ነው ያ ሳቅ የፈነዳው።

“ምነው አባባ?”

“ይሄንን ሰውዬ ተኝቷል ትላለህ?” ምድጃው አጠገብ ያለውን በጣታቸው አሳዩኝ።

“አዎ።”

“አልተኛም! እግሩን እየው። የተኛ ሰው ጫማ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆምም። በዘፈኑ እየመታ ነው። የመጋበዝ ተራው ደርሶ ነው የተኛው! የማውቀው አንድ ሾፌር ነበር፣ ልክ እንዲሁ። ብርሌው ባዶ ሲሆን እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሌላው ሲያስቀዳ ይነቃል!”

ጥበቃዋ ወደ እኛ መጣች። ልትቆጣን ነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ ልጄ ቀደመችኝና አያቷ ያሉትን በስዊድንኛ አስረዳቻት። ሴትዮዋ ሥዕሉን ጎንበስ ብላ አየችና እሷም ሳቀች። አባባ አድማጭ ሲያገኙ ፊታቸው በራ። ያቺ መጠጫ የያዘችው የቤቱ ባለቤት እንጂ ተቀጣሪ እንዳልሆነች ነገሩን፤ ተቀጣሪ በሩን በዳሌዋ አትገፋም፣ ይሰበራል ብላ ትፈራለች አሉ። ጠረጴዛ የሚመታው እየተጣላ ሳይሆን እያሸነፈ ነው አሉ። ልጄ በየመሐሉ ትጠይቃለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ።

በመጨረሻ በሩ አጠገብ የቆመው ላይ ደረሱ። እሱ ላይ አልሳቁም።

“ይሄ ከሩቅ ነው የመጣው። ማንንም አያውቅም። ሰው የሚያውቀው ቤት ሲገባ ኮፍያውን እንዲህ በሁለት እጁ አይጨብጥም። ማን ጠጋ እንደሚልለት እያየ ነው።”

ለዓመታት ያ ሰው ከነበረዶው ፊቴ ቆሞ አላየሁትም ነበር።

በቱነልባናው ስንመለስ አባባ አላቆሙም። ለካስ አማቴ እኛ ከምናውቀው የቢሮ ሥራቸው በፊት የተሳቢ መኪና ሾፌር ነበሩ። በአሰብ መንገድ ላይ ተመላልሰዋል። ሚሌ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው ያደሩበትን፣ ባቲ ከገበያ ሲመለሱ የተጨዋወቱባቸውን ቤቶች፣ ኮምቦልቻ ላይ ረዳታቸው በአዝማሪ ግጥም ተሸንፎ ሸሚዙን አውልቆ እንደሸለመ አወሩልን። ልጄ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ኪስታ ጣቢያ እንደደረስን ስልኳን አውጥታ እንደ ልማዷ ልታይ ነው ብዬ ሳስብ፣ አጥፍታ ከተተችው።

ማታ ሚስቴ ወሬውን ስትሰማ ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ።

“አባባ? እርስዎ? መሸታ ቤት?”

“ሾፌር የት ይበላል መሰለሽ?” አሉ አባባ፣ እንጀራቸውን እየቆረሱ። “አንቺ ሳትወለጂ ነው። እናትሽ ናት ያስተወችኝ። ‘ወይ እኔ ወይ መንገዱ’ አለች። እሷን መረጥኩ። ግን የበላሁበትን ቤት አልሰድብም። ሰው ነበረበት።”

ሰው ነበረበት። ያንን ቃል ይዤ ተኛሁ፣ ያንን ቃል ይዤ ተነሳሁ። ጠዋት ለሚስቴ “መሸታ ቤት ልሥል ነው” አልኳት። “የእኛን። በእኛ ሰዎች።” ቡናዋን አስቀመጠችና “በመጨረሻ!” አለች።

ቦታ አስቸጋሪ ነበር። የሕንፃችን ምድር ቤት ውስጥ ነዋሪው ሁሉ በተራ ልብስ የሚያጥብበት ክፍል አለ፣ ትቬትስቱጋ። ከእሱ ቀጥሎ አሮጌ ብስክሌት የሚከማችበት ባዶ ክፍል ነበር። የቤቱን አስተዳደር ለምኜ ተፈቀደልኝ። ብስክሌቶቹን ወደ ጥግ ገፋሁ፣ ከቁመቴ የሚበልጥ ሸራ ወጠርኩ፣ ከመንገድ ዳር የተጣለ ረጅም ጠረጴዛ አስገባሁ። ከጎን ያለው ማጠቢያ ማሽን ሲዞር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ የሳሙና ሽታ ይመጣል። የእኔ መሸታ ቤት ያ ነበር።

ይህ ቦታ ያላሰብኩትን ጥቅም ሰጠኝ። ልብሱ እስኪታጠብ የሚጠብቅ ሰው ሥራ የለውም። በሩን ከፍቼ “ትንሽ ይቀመጡልኝ?” ስል እምቢ የሚል ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ ዘንቢሉን ይዞ እየገባ ጠረጴዛዬ ዙሪያ ተቀመጠ።

አንዷ ብቻ አመነታች። ከታች ፎቅ የምትኖር፣ ቬሊንግቢ መድኃኒት ቤት የምትሠራ እህታችን ናት፤ በቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ ናት። ድምጿ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ይሰማል።

“እኔ ጴንጤዋ መሸታ ቤት ልቀመጥ? ፓስተሩ ቢያይ ምን ይላል?”

“አትጠጪም። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።”

“ዝም ብዬማ አልቀመጥም” አለችና አሰበች። “ምግብ ይዤ ልግባ። የሚበላ ነገር የማመጣ እኔ ልሁን። የተራበ ማብላት የትም ቦታ ጽድቅ ነው።”

እናም በሥዕሌ ላይ በሩን በዳሌዋ ገፍታ የምትገባው እሷ ሆነች፣ በትልቅ ትሪ ሽሮና ጥብስ ይዛ። ለትክክለኛነት ስትል በየጊዜው እውነተኛ ምግብ እየሠራች ትመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ልብስ የሌለውም ሰው መምጣት ጀመረ።

ወሬው ግን ከሕንፃው ወጣ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ስንቀምስ፣ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ወደ አባባ ቀረቡ። የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ነገራቸውም ከክፋት አልነበረም።

“አባት፣ መሸታ ቤት ተቀምጠው እየተሣሉ ነው የሚባል ሰማን። ልጆቹ ምን ይማራሉ?”

ሚስቴ መሬት መሬት አየች። እኔ ሥዕሉን እተወዋለሁ ልል አፌን ስከፍት አባባ ቆሎውን አላምጠው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

“ጌታ በቃና ሰርግ ቤት ተቀምጧል” አሉ። “ከቀራጮች ጋርም በልቷል። እኔ የተቀመጥኩት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። በብርሌው ያለው የፖም ጭማቂ ነው። ቢፈልጉ መጥተው ይቅመሱ።”

በመጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው የሰበካ ጉባኤው አባል ናቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ሚስቴ የአባቷን ክንድ ይዛ ወደ ባቡሩ ስትሄድ ቀና ብላ ነበር።

ሥዕሉ ግን አልሄደልኝም። ችግሩ አባባ ነበሩ። መሐል ላይ፣ ከመብራቱ ሥር ያስቀመጥኳቸው እሳቸውን ነው። ብሩሼን ባነሳሁ ቁጥር ግን ፊታቸው ይደርቃል፤ አገጫቸውን ቀና፣ ዓይናቸውን ፍጥጥ አድርገው ለፓስፖርት ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ይሆናሉ። “ዘና ይበሉ” ስላቸው ይብሳሉ። ሣልኩ፣ ፋቅሁ። እንደገና ሣልኩ፣ ፋቅሁ። ሌላው ሁሉ እየተጫወተ መሐል ላይ አንድ ሐውልት ተቀምጧል። ጊዜው እየደረሰ ነው፣ የኤግዚቢሽኑ ማስገቢያ ቀን ቀርቧል። ተስፋዬ እየተሟጠጠ መጣ።

መጀመሪያ የረዳችኝ ልጄ ናት። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታሪክ እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። በስዊድንኛ ጠየቀች። እኔ እጄ ቀለም ነክቶት፣ አፌ ብሩሽ ይዞ አልተረጎምኩላትም። አባባ “ምን አለች?” ሲሉኝ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ልጄ ጠበቀች፣ አየችኝ፣ ተነፈሰች። ከዚያ “አባባ… ያ ሸሚዝ… ከዚያ ምን ሆነ?” አለች፣ በአማርኛ፣ ቃሉን እየለቀመች።

አባባ ወንበራቸውን አዙረው ወደ እሷ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታሪክ የሚነገረው በአማርኛ ለጠየቀ ብቻ ሆነ፤ ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ልጄ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ “በላ”ንና “በላች”ን ታምታታለች፣ ሲያርሟት ትስቃለች፣ ግን ትጠይቃለች። ፊታቸው ለሰለሰ። ሆኖም ገና ነበር፤ እኔ የምፈልገው ያንን የሙዚየሙን ሳቅ ነው።

እሱ የመጣው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ምድር ላይ ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ስዊድናዊ ጡረተኛ አሉን፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ቡናማ ወፍራም ውሻ ያላቸው። በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ “ሄይ” ከማለት በቀር ተነጋግረን አናውቅም። የዚያን ቀን ልብሳቸውን ማሽን ውስጥ ከተው በክፍሌ በር ሲያልፉ ቆሙ። ሸራውን ብዙ ጊዜ አዩት። ውሻቸው ገብቶ ከጠረጴዛው ሥር ተጋደመ።

“ሙዚቀኛው የት አለ?” አሉኝ።

ማሲንቆ የሚመታ ሰው እየፈለግሁ እንደሆነና እንዳላገኘሁ ነገርኳቸው። ዘወር ብለው ወጡ። ተቀይመው ሄዱ ብዬ ሳስብ በሳጥን ያለ አኮርዲዮን ተሸክመው ተመለሱ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አልነካሁትም አሉ። የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጡና መጫወት ጀመሩ።

ጣታቸው መጀመሪያ ላይ ይደናቀፍ ነበር። ከዚያ ተፍታታ፤ የዳንስ ዜማ፣ ፈጣን፣ የሚዞር። ዘማሪዋ እህታችን ትሪዋን አስቀምጣ ማጨብጨብ ጀመረች። አባባ ወንበራቸውን ወደ አኮርዲዮኑ አዞሩ። ከዚያ የቀኝ ትከሻቸው አንዴ ወደ ላይ ሄደ። ግራውም ተከተለ። ጎረቤታችን ያንን አይተው ፍጥነቱን ከትከሻቸው ጋር አስተካከሉ። ያ የስዊድን የገጠር ዜማ ለእስክስታ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ገጠመ። ሁለቱም አንድ ቃል አይግባቡም። አባባ ተነሥተው ቆሙ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ፣ በትከሻቸው ጠየቁ፣ አኮርዲዮኑ መለሰ። ማጠቢያ ማሽኑ ጨምቆ ለማውጣት ሲንዘፈዘፍ ወለሉ አብሮ ጨፈረ። አባባ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁ።

“ያዝከው?” አለችኝ ልጄ፣ በአማርኛ።

ይዤው ነበር። እጄ ራሱ እየሄደ ነበር። ያንን ፊት በአንድ ትንፋሽ ሣልኩት፣ አልፋቅሁትም፣ እስከ ዛሬም አንድ ጭረት አልጨመርኩበትም። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ባልዲያቸው ላይ፣ ውሻው ጠረጴዛው ሥር፣ ሚስቴ ካርታ እያሸነፈች ጠረጴዛውን ስትመታ፣ ልጄ በአያቷ ክንድ ሥር፣ ሁሉም ቦታውን ያዘ። በእኔ ሥዕል ላይ በር ላይ ቆሞ የቀረ ሰው የለም። ሁሉም ገብቷል፣ ሁሉም ተቀምጧል።

የኤግዚቢሽኑ መልስ የመጣው ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ሕፃናቱን ወደ ውጭ ልናወጣ የበረዶ ሱሪያቸውን እያለበስኩ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እንደ ልማዱ “ስለተሳተፉ” የሚል ይሆናል ብዬ የአንዱን ሕፃን እግር እንደያዝኩ ከፈትኩት። ሥዕልዎ ተመርጧል ይላል። ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ እልል አልኩ፤ ወንድ ልጅ እልል አይልም ይሉ ነበር እኛ ሰፈር፣ እኔ ግን አልኩ። ሕፃናቱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ በግማሽ የለበሱትን ሱሪ እየጎተቱ ከእኔ ጋር ዘለሉ። አለቃዬ እየሮጠች መጣች፤ ሰው የተጎዳ መስሏት። ስነግራት አቀፈችኝና እሷም ዘለለች።

ሸራውን ለኤግዚቢሽኑ በምናስረክብበት ቀን የምናጓጉዝበት መኪና ተበላሸ። ምን እናድርግ ስንል ጡረተኛው ጎረቤታችን “ባቡር አለ አይደል?” አሉ። በአንሶላ ጠቅልለን፣ እኔና እሳቸው ፊትና ኋላ ይዘን፣ ሚስቴና እህታችን መሐሉን ደግፈው ወደ ጣቢያው ወረድን። አባባ በከዘራቸው ከፊት ከፊት መንገድ ያስለቅቃሉ። ሰዉ ግራና ቀኝ እየተከፈለ ያሳልፈናል።

“ንግሥ አስመሰላችሁት እኮ!” አለች እህታችን።

“አንቺ ልጅ፣ ከታቦት ጋር አትቀልጂ” አሏት አባባ፣ ግን ፈገግታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

የመክፈቻው ዕለት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በሰው ተጨናንቆ ነበር። አባባ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው ሥዕሉ አጠገብ ቆሙ። መጀመሪያ አንዲት ሴትዮ ሥዕሉን አየች፣ አባባን አየች፣ መልሳ ሥዕሉን አየች። “እርስዎ ነዎት!” አለች በስዊድንኛ። አባባ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ከዚያማ ሰው ተሰለፈ። ሁሉም አብሯቸው ፎቶ መነሳት ይፈልጋል። ጎረቤታችን አኮርዲዮናቸውን ይዘው አልመጡም፣ ግን እሳቸውንም ለዩዋቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲነሱ አየሁ። ልጄ ለጠየቀ ሁሉ ማን ማን እንደሆነ በስዊድንኛ ታስረዳለች፣ ዘወር ብላ ደግሞ ለአያቷ የተባለውን በአማርኛ ትነግራለች። ከዳኞቹ አንዷ መጥታ እጄን ጨበጠችና “ሥዕሉ ፊት ስንደርስ ሁላችንም መሳቅ ጀመርን፣ ለምን እንደሆነ ግን አንዳችንም መናገር አልቻልንም” አለችኝ። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቁመቴ ረዝሞ አያውቅም።

ዛሬ ሥዕሉ ቬሊንግቢ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ነው። አባባ መንገዱን ተምረዋል። የባቡር ካርዳቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ባቡር ቀይረው፣ ብቻቸውን ደርሰው ይመለሳሉ። ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ሥዕሉ ፊት አንዲት የማናውቃት ወጣት እናት ትንሽ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። በየትኛው ቋንቋ እንደምታወራ አላወቅሁም፣ አረብኛ ሳይሆን አይቀርም። ጣቷን ወደ አባባ ምስል ዘርግታ፣ ከዚያ ሁለት እጆቿን ጉንጯ ሥር አጋጥማ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውየው ተኝቷል እያለችው ነበር፤ ስቀው ዓይናቸውን የጨፈኑትን አባባ።

“ተኝቷል ነው የምትለው?” አሉኝ አባባ።

“ይመስለኛል። ይተዉት አባባ፣ የመሰላትን ትንገረው።”

“እንዴት ይተዋል!” አሉና ከዘራቸውን አቀበሉኝ። ሄደው ከልጁ ፊት ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በቤተ መጻሕፍቱ መሐል አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ትከሻቸውን መቱ። ልጁ አፉን ከፍቶ አያቸው። ከዚያ ከእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ ትንሽ ትከሻውን ወደ ላይ ሰበቀ።